ከሸማኔው ቤት የወጣው ዜማ

ውባለምን ንፋስ መውጫ ላይ የማያውቃት ሰው አልነበረም፤ በደህና ቀን ቤቱ እንድትገባለት የሚሻ ግን አንድም አልነበረም። ሙያዋ ማስለቀስ ነበር። ሰው ሲሞት ሬሳው ሳይገነዝ ለእርሷ በቅሎ ይላካል። ከሩቅ ስትታይ የለቅሶው ሰው መንገድ ይለቅላታል፤ መሐል ገብታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አንድ ግጥም ስታወርድ ድንጋይ የሆነ ወንድ ሳይቀር ይንሰቀሰቃል። ሠልስት ካለፈ በኋላ ግን ያው ሰው ገበያ ላይ ሲያገኛት ሌላ ዕቃ የሚያይ መስሎ ፊቱን ያዞራል። አራስ ቤት አትጠራም፤ ክርስትና አትጠራም፤ ሰርግማ አይነሣ። «አስለቃሽ የረገጠችው ዳስ ሳይፈርስ ለቅሶ ይቀመጡበታል» ይላል ያገሩ ሰው። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ሁሉም ግን ያምነዋል። እርሷም ብትሆን ከእናቷ ጋር ለቅሶ ለቅሶ ስትል ያደገች ናትና፣ ብርድ ያንቀጠቅጣል እንደማለት ነው እንጂ በደል ሆኖ አይታያትም ነበር።

ነገሩ መክበድ የጀመረው አዲስዓለምን ካሳደገች በኋላ ነው። አዲስዓለም የታላቅ እህቷ የላቀች ልጅ ናት። ላቀች እስቴ ተድራ፣ ይህችን ልጅ ወልዳ፣ ንዳድ ጥሏት አልነሣም ስትል ሕፃኗን አምጥተው ውባለም ጀርባ ላይ አዘሏት። እናቲቱ ቢሻላትም ሌላ ልጅ ተደረበባትና ልጅቱ እዚያው ቀረች። ውባለም የራሷ ልጅ አልነበራትም። ሕፃኗን ስታስተኛ የምታንጎራጉርላት የሰርግ ዘፈን ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እትዬ፣ ለኔ ሰርግ ጮክ ብለሽ ትይልኛለሽ?» ትላት ነበር ልጅቱ።

«እላለሁ» ትላለች ውባለም። ልጅ ሲጠይቅ ሌላ ምን ይባላል።

የልጅቱ ጡት ጉች ጉች ሲል አባቷ መጥቶ ወሰዳትና ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ፣ ደህና ርስት ላላቸው ሰዎች ልጅ አጫት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውባለም የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያች ልጅ ሰርግ መዝፈን። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ብታስለቅስም ግድ አልነበራትም።

ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል። አንድ የሰኔ ገበያ ቀን በረዶ ወረደና ገበያው ተበተነ። ውባለም የያዘችውን ጨው በነጠላዋ ሸፍና ሮጣ የገባችው አብደላ የሚባል ሸማኔ ቤት ነበር። እርሷ ስትገባ ሁለት ሰዎች ቀድመዋት ተጠልለዋል። አንዱ ዋሴ ነው፤ ከአባት ከአያቱ አዝማሪ፣ ማሲንቆውን በበረዶ እንዳይመታ እንደ ሕፃን ብብቱ ውስጥ የወሸቀ። ሁለተኛው ደብተራ ተሻገር ነው፤ ቤተልሔም ደብር ድረስ ሄዶ ድጓ ሲማር ዓይኑ ደክሞበት ሳይጨርስ የተመለሰ፣ አሁን በየደብሩ ማሕሌት እየቆመ የሚኖር።

አብደላ እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ይሸምናል። በረዶው ጣራውን ሲደበድብ እርሱ ግድ የለውም፤ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ እያሳለፈ መንዙማ ያዜማል። እግሩ ሲረግጥ ዜማው ይረግጣል፣ እግሩ ሲያነሣ ዜማው ያነሣል። ዋሴ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነውና ማሲንቆውን አወጣና ተከተለው።

«ቆይ ቆይ» አለ ተሻገር ጆሮውን አዘንብሎ። «ይኸ እኮ የማሕሌት አራራይ ነው። ከኛ ነው የወሰዳችሁት።»

«የኔታ፣» አለ አብደላ ሥራውን ሳያቆም፣ «እናንተስ ከሦስት ወፎች ተማርን ትሉ የለም? ወፎቹ ለእናንተ ብቻ አልዘመሩም።»

ዋሴ በሣቅ ማሲንቆው ላይ ተደፋ። ተሻገርም መቆጣት ጀምሮ ሣቁ አመለጠው። ከዚያ ዋሴ ዞር ሲል በር ሥር የተቀመጠችውን አየ።

«አንቺስ ውቤ? ጉሮሮሽን ለሙታን ብቻ ነው እንዴ የምታከራዪው? አንድ በይ እንጂ።»

«እኔ አንድ ካልኩ ሰው ይሞታል ይላሉ።»

«እዚህ ቤት ከድውር ክር በቀር የሚበጠስ የለም» አለ አብደላ። «በይ።»

ለአዲስዓለም ታንጎራጉርላት የነበረውን ጀመረች። በሰው ፊት ዘፈን ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ጥሩ ጀመረች፤ ስንኙ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግን ድምፅዋ ሳታዘው ወደ ታች ወረደና ሲቃ ሆኖ ቀረ። የሙሾ አወራረድ ነው፤ ሌላ አታውቅም።

«ወይኔ! ሙሽራይቱን ቀበርሻት እኮ!» አለ ዋሴ።

ውባለም ጨውዋን አንሥታ ልትወጣ ተነሣች። አብደላ ግን «ድገሚው» አላት፣ ቆጣ ብሎ። ስትደግመው፣ ድምፅዋ ሊወርድ ሲል፣ ሸማው የሚጠቀለልበትን እንጨት በሁለት መዳፉ ደለቀው። አንድ፣ ሁለት። ወደ ታች የሚሄደው ድምፅ ገደል ሳይገባ የተያዘ ያህል ቆመና ተመልሶ ወጣ። በረዶው ካባራ ቆይቶ ነበር፤ ማንም ልብ አላለም።

ከዚያ ወዲያ ገበያ በዋለ ቁጥር ሲፈታ እዚያ ቤት ይሰበሰባሉ። ስምምነት ነበር ማለት ግን አይደለም። ተሻገር ድምፅ ሁሉ ምልክት አለው ባይ ነው፤ «እዚህ ላይ ይዘት፣ እዚያ ላይ ደረት» እያለ ጣቱን ያነሣል። ዋሴ ደግሞ ትናንት ያለውን ዛሬ አይደግመውም፤ «ያው ከሆነ ለምን መጣሁ?» ይላል። አብደላ ቀስ ብሎ ጀምሮ ሳያውቁት እያፈጠነ ትንፋሽ ያሳጣቸዋል፤ መንዙማ እንደዚያ ነውና። ውባለም ከለቅሶ ያመጣችው ግጥም ነበር። ሟች አይታ ወዲያው ቃል መስጠት የለመደች፣ ለሕያው ሰው ቃል አያጥራትም። ሲጣሉ ሲታረቁ አንድ ዘፈን ወጣ፤ ከአራቱ የማንኛቸውም ያልነበረ። ተሻገር እንደ ወረብ ይዘረጋዋል፣ ዋሴ ይቀበለዋል፣ አብደላ በድቤ፣ በእጅ ከበሮው፣ ይይዘዋል፤ እርሷ ደግሞ እላዩ ላይ፦

ማሳው ተራቆተ፣ ክምሩ አማረ፣
የእናት ቤት ጎደለ፣ የሰው ቤት ሰመረ።

ሰው በር ላይ ቆሞ መስማት ጀመረ። ቀጥሎ አንድ ነጋዴ አዲስ ቤት ሲገባ ጠራቸው፤ ከዚያም ሌላው። «የሸማኔ ቤቶቹ» ተባሉ። ተሻገርን የደብሩ አለቃ ጠርተው «ድጓ በተማረ አፍህ ከአዝማሪ ጋር?» አሉት። «እኔ ዜማ ላቀናላቸው ነው እንጂ አልዘፍንም» ብሎ ወጣ፤ በወሩ ማሕሌት የሚጠራው ጠፋ። እርሱም ያን ጊዜ ግድ አልሰጠውም። ያ ክረምትና መኸር ለአራቱም የሕይወታቸው ጣፋጭ ነበር ቢባል ውሸት የለውም።

ወሬው እስቴ ደረሰ። ኅዳር ላይ ላቀች ራሷ መጣች፤ ውባለም ቤት ገብታ ሳትቀመጥ፣ «ሰርጉ ጥር ላይ ነው» አለች።

«ሰምቻለሁ እታለም።»

«ልጅቱ እትዬ ካልዘፈነች አላገባም ብላ አስቸገረችኝ። አባቷም የሸማኔ ቤቶቹን እንጥራ ይላል። እንግዲህ...» ላቀች ነጠላዋን ታስተካክል ጀመር። «የወገዳ ሰዎች አክስቷ አስለቃሽ መሆኗን አያውቁም። አስለቃሽ ያሳደገቻት መሆኗን ከሰሙ ዳሱ ውስጥ ጥለዋት ይሄዳሉ። ከአዝማሪዎቹ ጋር ትገቢያለሽ። እህቴ ነች አልልም። አንቺም አትይም።»

ውባለም ብዙ አላሰበችም። «እንኳን ከአዝማሪዎቹ ጋር፣ ከበቅሎዎቹም ጋር እገባለሁ» አለች።

ለሰርጉ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ሲወርዱ፣ መንገድ ላይ አብደላ ዋሴን፣ «ተቀበል ሲሉህ የምትቀበለውን እወቅ» አለው። «ከስማዳ የሚመጣ ሰው ውባለምን ያወቃት እንደሆነ...»

«አዝማሪ ካልተቀበለ ምን ይበላል? ቆሎህን ታካፍለኛለህ?»

«አካፍልሃለሁ።»

«ተው አንተ ሰው፤ ክፉ ከሰጡኝ አልፈዋለሁ። ለውቤ ብዬ አልፈዋለሁ» አለ ዋሴ። ውባለምም ከኋላ ሰማችው፤ ደስ አላት።

የሰርጉ ዕለት ሙሽራው ከነአጀቡ ከስማዳ ደረሰ። ውባለም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከዋሴ ኋላ ተቀምጣለች። አጃቢዎቹ ሲገቡ ከመሐላቸው አንዱን አወቀችው። ዳኛቸው ይባላል። ሁለት ዓመት ይሆናል፣ አባቱ ሲሞት ስማዳ ድረስ ተጠርታ ያስለቀሰችው እርሷ ነበረች። ሽማግሌው ታመው ሲማቅቁ ይህ ልጅ ዞር ብሎ አላያቸውም ነበር፤ ለርስቱ ግን በሦስት በቅሎ መጣ። አስለቃሽ ደግሞ ያየችውን ትናገራለች፤ ሙያው ነው፣ በለቅሶ ቦታ ማንም አይከለክላትም። በሕዝብ ፊት፦

ውሃ ሲል አባቱ አፉ ሲደርቅበት፣
ጉድጓዱ ሲማስ ግን ልጁ ደረሰለት።

ብላ አወረደችው። ሰውየው ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ ዋለ።

ውባለም መውጣት አማራት። ግን ሙሽራይቱን አመጡ። አዲስዓለም ፊቷ ተሸፍኖ፣ ሚዜዎች መሐል ተቀምጣ፣ ከመጎናጸፊያዋ ሥር ጣቷን ወደ አዝማሪዎቹ በኩል ትንሽ አነሣች። ለሌላ ሰው የሚታይ ነገር አልነበረም። ውባለም ግን አየችው፤ ስለዚህም አልወጣችም።

ተሻገር ዘረጋ። ዋሴ ተቀበለ። አብደላ ድቤውን ቀስ አድርጎ ነካ። ውባለም ነጠላዋን ከአፏ ላይ አንሥታ፣ ልጅቱ እንደለመነቻት፣ ጮክ ብላ ዘፈነች። «የእናት ቤት ጎደለ» ስትል ላቀች ደጃፍ ላይ ቆማ እንባዋ ወረደ፣ «የሰው ቤት ሰመረ» ሲባል የስማዳ ሴቶች ዳሱን በእልልታ ቀደዱት። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሁለት ዙር ዘፈነች። ደስታዋ ይኸው ነበር፤ ሁለት ዙር።

ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል ዳኛቸው ዋንጫውን አስቀመጠ። ጠላውም ገብቶበታል። «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለ። ቀጠለና እየሣቀ፣ «አዝማሪ! ተቀበል!» ብሎ ጮኸ።

«አቤት ጌታዬ!» አለ ዋሴ፤ አፉ እንደለመደው።

«አባቴን የሸኘች በሙሾ በዋይታ!»

እዚህ ላይ ማለፍ ይችል ነበር። ሰምቷል፤ ለማን እንደተባለ ያውቃል። ውባለም ማሲንቆውን በያዘው እጁ አጠገብ ናት፤ ቀሚሷ ጉልበቱን ይነካዋል። የአብደላ መዳፍ ድቤው ላይ ሳይወርድ አየር ላይ ቀርቷል። የዋሴ አፍ ግን ከአባቱ ቤት ጀምሮ ሌላ ትምህርት አልተማረም፤ የተሰጠውን አሳምሮ መመለስ ነው። በውባለም ዜማ፣ በዚያው በአዲሱ ዜማቸው፣ «አባቴን የሸኘች በሙሾ በዋይታ» ብሎ መለሰው።

«ሙሽራይቱን ልትሸኝ መጣች በእልልታ!»

ይህንንም መለሰው። መለሰው ብቻ አይደለም፤ መጨረሻው ላይ ድምፁን አንቀጥቅጦ አሳመረው። አንድ ሚዜ ብር በምራቁ አርሶ ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። ገሚሱ ሣቀ። ሣቁ ግን ከወዲያኛው ጫፍ ሳይደርስ ሞተ፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ሰው እየገባው መጣ።

የሙሽራው አባት አቶ አያሌው ተነሡ። «አስለቃሽ ናት? እዚህ ዳስ ውስጥ አስለቃሽ አስገብታችኋል? ከማን ወገን ናት?»

ሁሉም ወደ ላቀች ዞረ። ላቀች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «አላውቃትም ጌታዬ» አለች። «ልጄን ይንሣኝ፣ አላውቃትም። አዝማሪዎቹ ናቸው ያመጧት።»

ይህ የተነጋገሩበት ነገር ነበር። ግን እንዲህ ተብሎ በልጅ ሲማልበት ሌላ ነው። ውባለም ቀስ ብላ ተነሣች። «እውነታቸውን ነው» አለች። «እኔ ከዚህ ቤት ዘመድ የለኝም። ከአዝማሪው ጋር ነው የመጣሁ።» ነጠላዋን ተከናነበችና ወጣች። ሙሽራይቱን ዞራ አላየቻትም፤ ብታያት የሚሆነውን ታውቃለች።

አብደላ ድቤውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ተከተላት። ተሻገር አልተነሣም። መነሣት አቅቶት አይደለም፤ ማሕሌት ቀርቶበታል፣ ይኸኛውም ከቀረበት የት ይገባል? ሁለቱ ዳገቱ ላይ ደርሰው ሲያርፉ አብደላ ቆሎውን ከጋቢው ጫፍ ፈትቶ ሰጣት። እርሷ እፍኟ ውስጥ ይዛው ቀረች። ከታች ከበሮ ተሰማ። ተሻገር ከበሮውን ይዟል፤ ዘፈናቸው ቀጥሏል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ።

«ቤቱ ሰላም ሆነ ማለት ነው» አለች ውባለም።

አብደላ ድቤውን አንሥቶ መንገዱን ጀመረ።

በሳምንቱ ዋሴ ደጇ መጥቶ ቆመ። ግቢ ውስጥ አልገባም፤ አጥሩን ተደግፎ፣ «ውቤ፣ አፌ ነው የተቀበለው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለ።

«አፍህና አንተ ሁለት ናችሁ?»

«ተቀበል ሲባል መምረጥ የለም። አባቴ ሞቱን የሚመኝ ግጥም ሲሰጡት እንኳ ሳይቀር ተቀብሏል። እንደዚያ ነው ያደግነው።»

«አውቃለሁ። እኔም ያየሁትን ስናገር ነው ያደግሁት፤ ዳኛቸውም ያንኑ ነው የመለሰልኝ» አለች። «ሁለታችሁም አልበደላችሁኝም። በደሉ ግን እዚህ ተቀምጧል፤ ማን እንደሚወስደው ብቻ ጠፋኝ።» ከዚያ ገብሱን ልታበጥር ሰፌዷን አነሣች። ዋሴ አጥሩን ለቆ ሄደ።

ዘፈኑ አልቆመም። ዋሴና ተሻገር ከደብረ ታቦር ዓለምጸሐይ የምትባል ድምፀ መልካም ልጅ አመጡ። ሐምሌ ላይ የንጉሡ ልደት ሲከበር ገዢው ፊት ዘፈኑት፤ ተወደደላቸው። ሁለት ጥር ሳይሞላ ከጋይንት እስከ እስቴ «ማሳው ተራቆተ» ያልተባለበት ሰርግ ጠፋ። ዓለምጸሐይ መጨረሻው ላይ ድምፅዋን አታወርደውም ነበር፤ ሽቅብ ትጥለዋለች። ሰው እንዲያው ነው የሚያምር ይላል። ቃሉን ማን እንዳወጣው የጠየቀ አልነበረም። አብደላ ወደ ሽመናው ተመለሰ፤ ድቤውን ለመውሊድ እንጂ ለሌላ አልመታም። ውባለምም በቅሎ ሲላክላት ትሄዳለች።

እንዲህ እያለች አንድ ጊዜ ወገዳ አካባቢ ለሞተ ሰው ተጠርታ ሄደች። ሠልስቱ አልፎ ስትመለስ በወገዳ ገበያ በኩል አለፈች። በርበሬ መሸጫው ጋ አዲስዓለምን አየቻት። ልጅ ታቅፋለች። አማቷ አብራት ነበረች፤ ወዲያው ግን ጨው ለመግዛት ራቅ ብላ ሄደች። ውባለም ያን ጊዜ ቀረበች።

«እትዬ!» አለች አዲስዓለም፤ ዓይኗ ወዲያው ሞላ። ዙሪያዋን ገልመጥ አድርጋ የውባለምን እጅ ያዘችና ሳመችው። «እትዬ፣ ደህና ነሽ? ከስተሻል። የምታበስልልሽ ሴት አለች? እማዬ ትጠይቅሻለች? አንድ ቀን... እመጣለሁ እኮ እትዬ፣ ባሌን እያስፈቀድኩ ነው...»

«ደህና ነኝ ልጄ። አታልቅሺ፣ ሰው ያያል።» ውባለም ሕፃኑን አየችው። ወንድ ነው፤ ፊቱ ክብ፣ ሁለት ጥርስ ከታች አብቅሏል። ጣቷን ስትዘረጋለት ያዘና ወደ አፉ ወሰደው። «እኔን! አባቱን ነው። ስሙ ማነው?»

አዲስዓለም ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

አስለቃሽ ለቅሶ ቤት ስትገባ አስቀድማ የምትጠይቀው ስም ነው፤ የሟቹን፣ የእናቱን፣ የወንድም የእህቱን። ስም ያልያዘ ሙሾ አይወርድም። ይህን አዲስዓለም ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ያን ሁሉ ዓመት ከውባለም ጋር ኖራለችና።

«ገና አልወጣለትም» አለች ልጅቱ ወደ መሬት እያየች። ከዚያ፣ እጇ ራሱ ያደረገው እስኪመስል፣ ነጠላዋን ስባ የልጁን ፊት ሸፈነች፤ የውባለምን ጣትም ቀስ አድርጋ ከልጁ አፍ ውስጥ አወጣችው።

ክርስትና ከተነሣ ግማሽ ዓመት ያለፈው ልጅ ነው።

«መልካም» አለች ውባለም። «ያሳድግልሽ።»

አማቲቱ ጨውዋን ይዛ ስትመለስ፣ ውባለም በርበሬ ዋጋ ጠይቃ የተወደደባት ሴት መስላ ራሷን ነቀነቀችና መንገዷን ቀጠለች።